ከድምፅ ማጉያው በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መገናኛ ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። በአንድ ወገን ጃንጥላ ዘርግተው፣ የቅዱሳንን ሥዕል አቁመው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ሰዎች መዝሙር ለቀዋል። በሌላው ወገን አንድ ወጣት መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ላይ ይዞ፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ስለ ንስሐ ይጮኻል። በመካከል ረዳቱ “ሃያ ሁለት! ሃያ ሁለት!” እያለ ሁለቱንም ለመብለጥ ይታገላል። ተሳፋሪው ሁሉንም ይሰማል። ቆሞ የሚያዳምጥ ግን ብዙም አይታይም።

እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ “ዘመኑ ነው፤ ሃይማኖትም እንደ ሸቀጥ በጩኸት ሆነ” ብሎ ይማረራል። ሌላው “ተመስገን፣ ነፃነት መጣ፤ ድሮ ይህን ያደረገ ይታሰር አልነበረም ወይ?” ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ይዘላሉ። ድምፅ ማጉያው ከመምጣቱ በፊት ወንጌል በዚህ አገር ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይሄድ ነበር? ያንን ካወቅን ነው ምን እንዳተረፍንና ምን እንደጎደለን የምንለየው።

መቼም ከሥር እንጀምር ከተባለ ኢትዮጵያ ውስጥ የስብከት የመጀመሪያው መሣሪያ እግር ነው። ዘጠኙ ቅዱሳን የሚታወሱት ገዳም መሥርተው፣ መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ መልሰው፣ ከሕዝቡ ጋር ኖረው በማስተማራቸው ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድልም ጻድቁ ወደ ዳሞት ወርደው ንጉሡን ሞተሎሚን እንዳስተማሩ ይተርካል። መነኩሴው ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ይጾማል፣ ያስተምራል። ለመስማት የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ኑሮውን ያያል፤ ቃሉን የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ በአዋጅ የተሞከረውን ደግሞ ታሪካችን በደም ጽፎ አስቀምጦልናል። አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መምህራን ምክር እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲከተላቸው አዘዙ። የተከተለው እምነት ሳይሆን እልቂት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የአባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ “ከባሕር ማዶ የመጣ ሰባኪ” የሚለው ነገር በኢትዮጵያዊ ጆሮ ውስጥ ለብዙ ትውልድ የጥርጣሬ ደወል ሲያቃጭል ኖረ። ጥርጣሬውም ከመሬት የበቀለ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጡት ፈረንጆች ይህን ያወቁ ይመስላል፤ መጽሐፍ ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1634 ገደማ የገባው ጀርመናዊው ጴጥሮስ ሄይሊንግ በፋሲለደስ ቤተ መንግሥት አካባቢ አስተምሯል፤ የዮሐንስን ወንጌልም ወደ አማርኛ እንደመለሰ ይነገርለታል። ትልቁን ሥራ የሠራው ግን አንድ የአገራችን ሰው ነው። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ የፈረንሳይ ቆንስል አነሣሽነት፣ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሰው። ሥራው በመጽሐፍ መልክ ተሟልቶ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው፤ መነኩሴው ግን ይህን ሳያይ አልፏል። ከግዕዝ ትምህርት ቤት ውጭ ያለ ማንም አንባቢ መጽሐፉን በሚናገረው ቋንቋ የማንበብ ዕድል ያገኘው በዚህ ሰው ድካም ነው።

በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጡት ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ከስዊዘርላንድ የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩት ሰዎች ባለሙያዎች ነበሩ። ሐሳቡ ሠርቶ እየበሉ፣ ከሰው ጋር እየኖሩ ማስተማር ነበር። ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ጋፋት ላይ አስቀምጧቸው፤ መድፍም አስቀለጧቸው። “ሴባስቶፖል” የተባለው ትልቁ መድፍ የወንጌል መልእክተኞች ሥራ ነው ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እንዲያ ነው። ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ናት።

እስካሁን የጠራናቸው ፈረንጆች ሁሉ በቁጥር ያፈሩት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ነገሩ መልኩን የለወጠው ተሸካሚው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ምፅዋ የደረሱት ስዊድናውያን ወደ ኦሮሞ ምድር ለመዝለቅ ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም። መንገዱን የከፈቱት በባርነት ተሽጠው፣ ነፃ ወጥተው፣ በእነሱ ዘንድ የተማሩ ልጆች ናቸው። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ፣ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነበር። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። አስቴርም ከባርነት የተረፈች ልጅ ነበረች። የቋንቋው ቃላት፣ ተረቱና ዘፈኑ በጆሮዋ ባይኖር ኖሮ ትርጉሙ ያ ለዛ ባልኖረው ነበር። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ሰኔ 1923 ዓ.ም. ድረስ፣ ሲከሰስም ሲታገድም እያስተማረ ኖረ። ከእርሱ ቀድሞ ቦጂ የደረሰው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ደግሞ የኦርቶዶክስ ቄስ ነበር። ቅዳሴውን ሳይተው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ያስተምር ነበር። ያኔ “የእኛ” እና “የእነሱ” የሚለው ድንበር ዛሬ እንደምናየው በሚስማር የተመታ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የወላይታው ታሪክ ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ገቡ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው የተጠመቀው ሰው ሃምሳ እንኳ የማይሞላ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ሲሄዱ ሥራው እንዳበቃለት ቆጥረው አዝነው ነው የወጡት። ከድል በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝና 100 ያህል አብያተ ክርስቲያናትን ነው።

በመካከሉ ምን ተደረገ? የተደረገው ነገር እጅግ ተራ ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ። ገበያ የሄደ ገበያ ላይ ተናገረ። ለቅሶ የደረሰ ለቅሶ ላይ አጽናና። መዝሙሩ በወላይትኛ ዜማ፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ስለነበር ማንበብ የማይችለውም በልቡ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ጣሊያኖች መሪዎቹን አሰሩ፤ ዋንዳሮ የተባለውን ታዋቂ ሰባኪ በአደባባይ ገረፉት። ገራፊው ያልተረዳው ነገር፣ ሕዝቡ የሚያየው ሰው ነገ ተፈትቶ እዚያው መንደር፣ እዚያው ጎጆ የሚመለስ የራሱ ሰው መሆኑን ነው። በኋላም የወላይታ አማኞች ከእህላቸው ቀንሰው፣ ከገንዘባቸው አዋጥተው ወንጌላውያንን ከነቤተሰባቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ኣሪ ላኩ። የተላከው ሰው ቋንቋውን ይማራል፣ እርሻ ያርሳል፣ በወባ ይታመማል፣ አንዳንዱም እዚያው ይቀበራል። ስብከቱ ይህ ነበር።

መንግሥትም ዝም ብሎ አላየም። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን ለሁለት ከፈላት፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና “ክፍት” ክልል። በመጀመሪያው ሚሲዮን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችላል፤ የራሱን ቤተ እምነት ትምህርት ማስተማር ግን ተከልክሏል። በሁለተኛው መስበክም ይችላል። የማስተማሪያው ቋንቋ ደግሞ አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። በዚህ ጊዜ ነው ስብከት ነጭ ጋዋን የለበሰው። ለመርፌ የመጣ በሽተኛ ወረፋ እስኪደርሰው ታሪክ ይሰማል፤ ፊደል ሊቆጥር የመጣ ልጅ መዝሙር ይዞ ይመለሳል። ናዝሬት ላይ በ1950ዎቹ እንግሊዝኛችንን እናሻሽላለን ብለው መጽሐፍ ቅዱስ ማጥናት የጀመሩ ተማሪዎች “የሰማይ ብርሃን” የሚባል እንቅስቃሴ እስከ መመሥረት ደርሰዋል።

ይህ መንገድ ብዙ ሰው አስተምሯል፣ ብዙ ሰው አድኗል። ጥያቄም ነበረበት። ክኒን ፈልጎ የመጣ ሰው ያመነው ቃሉን ነው ወይስ ክኒኑን? ጥያቄው ከውስጥም ከውጭም ይነሣ ነበር። በጥር 1951 ዓ.ም. 20,000 ገደማ ምእመናን ይዛ የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1972 ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ታዋቂ ደብዳቤ ነገሩን በሌላ በኩል አነሣችው። በቄስ ጉዲና ቱምሳ የዋና ጸሐፊነት ዘመን የወጣው ይህ ጽሑፍ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ለልማት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌል ግን እጃችሁን ትሰበስባላችሁ፤ እኛ የምናውቀው ሰው ግን ሥጋና ነፍሱ ያልተለያየ አንድ ሰው ነው። ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ እንዲህ ያለ ተግሣጽ ሲሄድ ያኔ አልተለመደም ነበር።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ እሳት ተቀጣጥሎ ነበር። የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጀመሩት የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በ1959 ዓ.ም. ሙሉ ወንጌል በሚል ስም ተደራጀ፤ እውቅና ጠየቀ፤ ተከለከለ። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጸሎት ላይ እንዳሉ 250 ያህል ሰዎች ተያዙ። “ጴንጤ” የሚለው ቅጽል ከዚህ እንቅስቃሴ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ስድብ ነበር። ዛሬ ባለቤቶቹ ራሳቸው ሳይከፋቸው ይጠሩበታል።

የዚያ ዘመን ሰንኮፍ ግን በእስር ቤት ብቻ አልቀረም፤ ቤት ውስጥም ገባ። ልጁ “አዲስ ሃይማኖት” ይዞ የመጣበት አባት ከማዕድ አስነሣው። እናት በጓዳ በር እንጀራ አሳልፋ እየሰጠች አለቀሰች። ዕድር የሰረዘው ሰው ነበር፤ የሚቀበርበት መሬት ተከልክሎ ሬሳ ይዘው የዋሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። በአንጻሩ ያ ልጅ አንዳንዴ የእናቱን ጾምና ስእለት በአንድ ቃል አጣጥሎ፣ ያሳደገውን ሁሉ ጨለማ ብሎ ነበር ከቤት የወጣው። ሁለቱም ወገን ቁስል አለው። ይህን ሳያነሡ ስለ ስብከት ታሪክ መጻፍ ግማሹን መጻፍ ነው።

ደርግ መጣና ሁሉንም በአንድ ላይ ጨፈለቃቸው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ይተላለፍ የነበረው “ብሥራተ ወንጌል” ሬዲዮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወረሰ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ እና ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአንድ ዓመት፣ በ1971 ዓ.ም.፣ ተገደሉ። አንዱ የኦርቶዶክስ፣ አንዱ የወንጌላውያን መሪ ነበሩ፤ የሁለቱም አፅም የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ያኔ የነበራት አባል 5,000 ገደማ ነበር።

አሁን እንግዲህ አዳራሽ የለም፣ መድረክ የለም፣ ሬዲዮ የለም። የቀረው ሳሎን ነው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሰው በአንድ ቤት ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፤ ድንገት የቀበሌ ሰው ቢመጣ ቡና ነው። የሚገቡት አንድ በአንድ፣ የሚወጡትም እንዲያው። መዝሙሩ ከከንፈር አያልፍም። ቁጥሩ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላሉ። ቤቱ የሴቶች ግዛት ነውና፣ በአዳራሹ ዘመን ከኋላ ወንበር ይቀመጡ የነበሩ ሴቶች አስተማሪና መሪ ሆኑ። በር ሲከፈት፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ስትቆጠር አባሎቿ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ወላይታ ላይ የሆነው ከተማ ላይ ተደገመ።

በኦርቶዶክሱም ወገን የተደረገው ለውጥ ከዚህ አያንስም። ምእመኑ ለዘመናት ቅዳሴውን በግዕዝ ሰምቶ፣ ጠበሉን ጠጥቶ፣ በዓሉን አክብሮ ሲኖር እምነቱን የሚማረው ከቆሎ ትምህርት ቤት ይልቅ ከእናቱ፣ ከንስሐ አባቱና ከሥዕሉ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ፣ “ሃይማኖተ አበው” የተማሪዎች ማኅበር ሲመሠረት፣ ወጣቱ እምነቱን በአማርኛ መጠየቅና ማስረዳት ጀመረ። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያ የጀመሩት የጸሎት ጉባኤ በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ጥንስስ ሆነ። ልብ በሉ፤ ይህም ቢሆን የተጠነሰሰው በድንኳን ጥላ ሥር፣ በጥቂት ሰዎች መካከል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም አይተነዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የእምነት ነፃነትን ደነገገ። ካሴቱ ከጓዳ ወደ ሱቅ ወጣ። በቆርቆሮ የተሠራ አዳራሽ በየሰፈሩ ተተከለ፤ ድምፅ ማጉያው ጣሪያው ላይ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ አዳራሹም በየፊናው ድምፁን ከፍ አደረገ። በካሴት ላይ ቪሲዲ፣ በቪሲዲ ላይ የሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በዚያ ላይ ደግሞ በእጅ ስልክ የሚተላለፍ ስብከት ተደራረበ። “ነቢይ” የሚል ማዕርግ ያለው ሰው ስምና ስልክ ቁጥር በስክሪን እየጠራ ትንቢት መናገር ጀመረ፤ የወንጌላውያኑ የራሳቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ “ኧረ ወዴት ነው?” እስኪሉ ድረስ።

እዚህ ላይ ሊሞግተኝ የሚነሣ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። “ቁጥሩስ?” ይለኛል። ልክ ነው። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ሕዝብ 5.5 በመቶ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. 10.2፣ በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ ሆነ። የመጨረሻው እድገት የመጣው በነፃነቱ፣ በድምፅ ማጉያው ዘመን ነው። ስለዚህ “ጩኸት ሰው አያመጣም” ብዬ አልከራከርም፤ ያመጣል። ተደብቆ መጸለይ ይሻላልም አልልም። እስር ቤትን የሚናፍቅ እስር ቤት ያልገባ ሰው ብቻ ነው።

የምለው ሌላ ነው። በእግር በሄደውና በሳሎን በተነገረው ስብከት ውስጥ ተናጋሪው የሰሚውን ስም ያውቀው ነበር። ሰሚውም የተናጋሪውን ኑሮ ያውቅ ነበር። ሚስቱን እንዴት እንደሚያናግር፣ ብድሩን መለስ አለመለሱን፣ ጎረቤቱ ሲታመም መጠየቅ አለመጠየቁን ያያል። የተናገረው ነገር ውሸት ቢሆን ነገ እዚያው መንደር መልሶ ይጠየቅበታል። ኦነሲሞስ ነቀምት፣ ዋንዳሮ ወላይታ፣ ያቺ ስሟ የማይታወቅ እመቤት ቡናዋን አፍልታ በሳሎኗ፣ ሁሉም በሚናገሩት ነገር ላይ የራሳቸውን ሕይወት መያዣ አድርገው ነበር።

ድምፅ ማጉያው የነጠቀን ይህን መያዣ ነው። ድምፁ ሺህ ሰው ጋ ይደርሳል፤ አንዱን ግን አያውቀውም። ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖረው ሕመምተኛ ሌሊቱን እንቅልፍ ቢያጣ፣ የሌላ እምነት ጎረቤት ቢሰደብ፣ በስልክ ትንቢት የተነገራት ሴት የባሏን ደመወዝ ልካ ባዶ እጇን ብትቀር፣ ተናጋሪው ዘንድ የሚደርስ ወሬ የለም። እርሱ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ተመልሶ ነው።

ደግነቱ አሮጌው መንገድ አልተዘጋም። ዛሬም በየገጠሩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በእግሩ የሚሄድ ወንጌላዊ አለ። የጠበል ጻዲቅ ቀን ደርሶ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ የቅዱሱን ታሪክ ለልጆች የሚተርክ የንስሐ አባትም አለ። ቡና ሲፈላ “እስቲ ምን ሆነሽ ነው ሰሞኑን የከፋሽ?” ብላ የምትጀምር ጎረቤትም አለች፤ እምነቷ የትኛውም ይሁን። አምስት ሰው ባለበት ሳሎን ውስጥ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሌላው ሰው መልስ መስጠት የሚችለውም ያኔ ነው።